ኩርባ አይቼ ቤት ተከራየሁ

ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ፈቃድ የሌለው ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ተከለከለ። የኔዋ አሮጌ ሆንዳ ኤክስኤል 125 የዚያን ዕለት ግቢ ውስጥ ቆመች፤ ስድስት ወር ያህል እንደቆመች ቀረች። በየቅዳሜው አስነስቼ አሞቃታለሁ፣ ካቴናዋን ዘይት እቀባለሁ፣ ሸራዋን አልብሼ እገባለሁ። ባለቤቴ በመስኮት እያየች ትስቅብኛለች። «በሽተኛ የምትጠይቅ ነው የምትመስለው» ትለኝ ነበር።

ሥራዬ የእንስሳት መድኃኒት ማከፋፈል ነው። አብዛኞቹ ደንበኞቼ ያሉት ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው፤ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ ላይ ደግሞ መንዝ። አዲስ አበባ መኖር ግዴታዬ አልነበረም። ለምን ወደ ደንበኞቼ አልጠጋም፣ ሞተሯስ ለምን ቆማ ትዝገብኝ አልኩ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የተበላሸው ቤት ፍለጋው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በነበረው አንድ ዓመት ከምናምን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። አንዱ ስህተት አጥንቴን ሰነጠቀው፣ ሌላው ወባ አስያዘኝ። ሞተር የምትወዱና ቤት የምትቀይሩ ካላችሁ የኔን ስህተት እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

ጥር 2012 አንድ እሁድ ሞተሯን በኪራይ ፒካፕ ጭኜ ከከተማ አወጣኋትና ሰንዳፋ ላይ አወረድኳት። ስድስት ወር ታስሮ እንደተፈታ ሰው ነበርኩ። ደብረ ብርሃንን ቡና እንኳ ሳልጠጣባት አለፍኳት። ጣርማበር ስደርስ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራውን ዋሻ አልፋችሁ ስትወጡ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይከዳል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከዚያ በታች ቆላው በጭጋግ ውስጥ ይታያል። ኩርባ ላይ ኩርባ። ሞተር የሚነዳ ሰው እዚያ ቦታ ላይ አእምሮው አይሠራም፤ የኔም አልሠራም። በዚያው ቀን ደብረ ሲና ላይ ሁለት ክፍል ቤት አየሁ፣ ቀብድ ከፈልኩ፣ የደብረ ሲና ቆሎዬን ኪሴ ሞልቼ ተመለስኩ።

ለባለቤቴ ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ መንገዱ አወራኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «አንተ የተከራየኸው ቤት አይደለም፣ ኩርባ ነው» አለችኝ። እሷና ልጃችን እስክደላደል አዲስ አበባ እንዲቆዩ ተስማማን። በኋላ ሳስበው፣ ሳይመጡ በመቅረታቸው እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ ህልም ነበሩ። ችግሩ ቀስ እያለ መጣ። ቤቱ ከአስፋልቱ በታች ነው፤ ወደ ግቢው የሚወርደው መንገድ ዳገትና ድንጋይ። በጥር ደረቅ ስለነበር ልብ አላልኩትም። የበልግ ዝናብ ሲጀምር ሞተሯን ወደ ላይ ለማውጣት የሁለት ጎረምሳ እርዳታ ያስፈልገኝ ጀመር። በሩ ደግሞ ከፍ ያለ ደፍ አለው። ማታ ደክሜ ስመጣ ያቺ ደፍ እንደ ጣርማበር ትረዝምብኛለች። እመኑኝ፣ ሞተር ያለው ሰው በየቀኑ የሚነዳው መንገድ ከቤቱ እስከ አስፋልቱ ያለችው ሁለት መቶ ሜትር ናት። ያማረው ኩርባ በሳምንት አንዴ ነው። ቤት ስታዩ ሞተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ እቃ ጭናችሁ፣ ከተቻለ ዘንቦ ባደረ ጠዋት፣ ከአስፋልቱ እስከ በሩ ወጥታችሁ ውረዱ። ኮብልስቶን ቢሆንም አትመኑት፤ ቁልቁል ላይ ሲረጥብ ከጭቃ የማይተናነስ ነው።

ቀጥሎ መለዋወጫ። የፍሪሲዮን ገመድ ተበጠሰብኝና ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪላክልኝ አምስት ቀን በእግሬ ሄድኩ። ከዚያ ቤንዚን። ሲጠፋ በሃይላንድ ነው የሚገዛው፤ በእጥፍ ዋጋ፣ ምን እንደተቀላቀለበት ሳይታወቅ። ኮሮና የገባበት ዓመት ስለነበር ሥራው ቀዝቅዟል፤ እያንዳንዷን ሊትር መቁጠር ጀመርኩ። ይቺ ቁጠባ ናት በኋላ ጉድ የሠራችኝ።

ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ጉሙ መጣ። የጣርማበርን ጉም በወሬ አውቀው ነበር። ውስጡ ሆኖ መንዳት ግን ሌላ ነው። የፊት ጎማችሁን ታያላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ነጭ ግድግዳ ነው። የሄልሜቱ መስታወት በውስጥም በውጭም ይላባል። ከፍታችሁ ስትነዱ ዓይናችሁ ውስጥ ውሃ ይገባል። የዚህን ጊዜ ከባድ ተሳቢ መኪኖች በዝግታ እየወጡ ነው፤ ከኋላቸው የሰለቸው አይሱዙ ደግሞ ምንም ሳያይ ይደርባል። ዋሻው ውስጥ ስትገቡ ለጥቂት ሰከንድ ዕውር ናችሁ። ኩርባው ላይ ከሞላ የነዳጅ ጋን የፈሰሰ ናፍጣ አለ፤ ለመኪና ምንም አይደለም፣ ለሁለት ጎማ ግን ሳሙና ነው። እኔ በጥር ያየሁት መንገድና ይሄ መንገድ ስማቸው ብቻ ነው አንድ የሆነው።

አንድ ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ከመዘዞ በኩል ከደንበኛ ስመለስ ጣርማበር ላይ ደረስኩ። ቤንዚኔ ሊያልቅ ነው። ቁልቁለት ነው፣ ለምን አቃጥላለሁ ብዬ ማርሹን ፎሌ (ማርሽ አልባ) አደረግኩትና በፍሬን ብቻ መውረድ ጀመርኩ። ይሄን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ሞተር የነዳ ሰው ነኝ። የሞተሬ ፍሬኖች የከበሮ ናቸው፤ ቁልቁል ላይ ሳታነሱ ስትይዟቸው ይግላሉ፣ ሲግሉ መያዝ ይተዋሉ። የኋላው ፔዳል ቀስ በቀስ እየለሰለሰ መጣ። መጀመሪያ የመሰለኝ ውሃ የገባበት ነው። ከዚያ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ማርሽ ለማስገባት ስሞክር ፍጥነቴ አልፏል። የፊት ፍሬኑን እርጥብ አስፋልት ላይ ጨብጬ ብይዘው ገልብጦ ይጥለኛል። አንድ ነገር ብቻ ትክክል አደረግኩ፤ በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል ያለውን ቦይ መረጥኩ።

ያነሳኝ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ሽንኩርት ጭኖ ሽቅብ ሲወጣ አገኘኝ፤ ሞተሯን በመንደሩ ልጆች አስነስቶ አንድ ቤት በአደራ አስቀመጠልኝ፣ እኔን ጋቢና አስገብቶ ደብረ ብርሃን ድረስ ወሰደኝ። ሐኪም ቤት ሳንደርስ ሁለት ሰው ወጌሻ ሊያሳየኝ ተሟገተ። ወጌሻ አልጠላም፣ እኔም በልጅነቴ ታሽቻለሁ። ግን ራጅ ሳትነሱ ማንም ትከሻችሁን እንዳይነካ። የኔ አጥንት ተሰንጥቆ ነበር፤ ቢታሽ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሐኪሙ በፊቱ ነው የነገረኝ። የሦስተኛ ወገን መድን ደግሞ ለሌላ ሰው ነው፤ ራሳችሁ ብቻችሁን ስትወድቁ የሕክምናውን ወጪ የምትችሉት እናንተው ናችሁ። ይሄን የተረዳሁት አልጋ ላይ ተኝቼ ነው። ለዚህ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ለብቻ ይቀመጥ።

እዚያ አልጋ ላይ ነው አንድ ነገር የገባኝ። መንዳት ደስ የሚልበት ቦታና ሞተር ይዞ መኖር የሚመችበት ቦታ አንድ አይደሉም። አስቡት፣ የራጅ ማሽኑ ደብረ ብርሃን፣ መካኒኩ ደብረ ብርሃን፣ ቤንዚኑ ደብረ ብርሃን፤ እኔ ግን ከነዚህ ሁሉ 60 ኪሎ ሜትር ርቄ፣ በመካከላችን ጣርማበርን አስቀምጬ ነው የተከራየሁት።

ታዲያ ወዲያው ደብረ ብርሃን ገባሁ ብላችሁ ካሰባችሁ አታውቁኝም። ሰው ከአንድ ጫፍ ሲሸሽ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው የሚቆመው። ጉምና ብርድ አስመርሮኛል፣ ትከሻዬም ሙቀት ይወዳል ብዬ ጥቅምት 2013 ላይ ሸዋ ሮቢት ገባሁ። ከፍታው 1,280 ሜትር አካባቢ ነው። ሞተሯ እዚያ ስትወርድ የሃያ ዓመት ወጣት ሆነች፤ አየሩ ወፈር ስላለ ጉልበቷ ተመለሰ። መንገዱ ሜዳ፣ ቤቱ ከአስፋልት ጋር እኩል፣ ማንጎው ርካሽ። እኔ ግን ከዝናብ በኋላ ያሉት ወራት የወባ ወራት መሆናቸውን ረስቼ አጎበር እንኳ ሳልይዝ ነው የሄድኩት። በሦስተኛው ሳምንት ተኛሁ። ሲሻለኝ ደግሞ ሙቀቱ ሌላ በሽታ አስለመደኝ፤ ጃኬቴን ጣልኩ፣ ከዚያ ጓንቴን፣ በመጨረሻ «እዚሁ ነው» እያልኩ ሄልሜቱን። በነጠላ ጫማ እስከ መንዳት ደረስኩ። አንድ ማታ ከሰንበቴ ከተማ ስመለስ መብራቴ ላይ አራት ረጃጅም እግሮች መጡ። ግመል ነው። ግመል በማታ ሲታይ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው፤ አካሉ ከመብራታችሁ በላይ ነው። ለጥቂት አለፍኩት። ቤቴ ስገባ ሄልሜቴ ምስማር ላይ ተሰቅሎ አየሁት። የካቲት ላይ እቃዬን ጠቀለልኩ።

ሸዋ ሮቢትን ለማማት አይደለም። ሙቀት የለመደ፣ ልብሱን የማይጥል ሰው ደስ ብሎት ይኖርባታል። እኔ ራሴን አወቅኩ፤ ሙቀት ሰነፍ ያደርገኛል። ቦታ ስትመርጡ መንገዱን ብቻ ሳይሆን ራሳችሁንም እዩ።

መሐል ሜዳም አጓጉቶኝ ነበር። ከጣርማበር ወደ ግራ ታጥፋችሁ ሞላሌን አልፋችሁ የምትነዱት የመንዝ መንገድ፣ ከዚያ ጓሳ፣ በሣሩ መሐል ጭላዳ ሲግጥ፤ ዕድል ካላችሁ ቀይ ቀበሮ ታያላችሁ። ከዚያ የሚበልጥ ቀን በሕይወቴ አላሳለፍኩም። በዓመት ሁለት ጊዜ እሄዳለሁ። መኖር ግን አልሞከርኩም፤ ልቤ ወጣት ቢሆንም ትከሻዬ መክሮኛል።

በሦስተኛው ጊዜ ሥራውን እንደ ሰው ሠራሁ። መጋቢት 2013 ደብረ ብርሃን ፔንሲዮን ውስጥ አንድ ክፍል ይዤ አንድ ወር ሙሉ ቤት አልተከራየሁም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሥራ በምወጣበት ሰዓት፣ በአራቱም አቅጣጫ ነዳሁ። ወደ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሞተሯን ከተማ ባላስገባትም ጫጫ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ወደ ምሥራቅ አንኮበር፣ 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ፤ የቅዳሜ መንገዴ እሱ ሆነ። ወደ ሰሜን ጣርማበር። ወደ ምዕራብ ደነባና እነዋሪ፣ የጅሩ ሰንጋ አገር። እዚያ ከአስፋልት ውጭ በክረምት መረሬው (ጥቁሩ አፈር) ላይ አትግቡ ነው የምላችሁ። ጭቃው በጎማውና በጭቃ መከላከያው መሐል እየተጠቀጠቀ ጎማው መዞር ያቆማል፤ በዱላ እየጎረጎርኩ አንድ ኪሎ ሜትር በሁለት ሰዓት ሄጃለሁ። አፈሩ ለስንዴ ነው የተፈጠረው።

ከመካኒኮቹም ጋር ቀድሜ ተዋወቅኩ። ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት መካኒክ ፈልጉ። ዘይት ቀይሩለት፣ ሻይ ጋብዙት፣ የናንተን ዓይነት ሞተር ምን ያህል ጊዜ ፈትቶ እንደሚያውቅ ጠይቁት። ሱቆቹ ውስጥ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ የውስጥ ጎማ አለ ወይ? እነዚህ አራቱ ካሉ ከተማው ለሞተር ከተማ ነው። የጸጥታውንም ነገር ጠይቁ። ህዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ እኔ ደብረ ብርሃን ነበርኩ። ሞተር በጭንቅ ጊዜ ማምለጫ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ባየሁት ግን ነገር ሲከፋ መጀመሪያ የሚታገደው ሞተርና ባጃጅ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ለአንድ ወር ቢቆም በእግር ሱቅ፣ ሐኪም ቤትና መነኸሪያ የምትደርሱበት ቤት ይሁን።

ብርዱን አልደብቃችሁም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ውርጭ አለ፤ ጠዋት መቀመጫው ላይ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከሸዋ ሮቢት ስመጣ ሞተሯ ሳል ያዛት፣ ዳገት ላይ መጎተት አቃታት። አየሩ ሲሳሳ ሞተር ጉልበት ይቀንሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ገደማ። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደግሞ ደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት፤ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ከሆነ ምክንያቱ ይሄው ነው። መካኒኬ በግማሽ ሰዓት አስተካከለልኝ። እኔ ሞተሯ አለቀላት ብዬ ልሸጣት ገዢ እያነጋገርኩ ነበር!

ለራሳችሁ ደግሞ፦ ከጃኬቱ ሥር ደረታችሁ ላይ ጋዜጣ አጥፋችሁ አስገቡ፤ ነፋሱን ከየትኛውም ሹራብ በተሻለ ይመክታል። ጓንት ላይ ፌስታል ደርቡ፣ ያስቃል ግን ጣት ያድናል። ጋቢ ለብሳችሁ አትንዱ። ከኋላ የምትጭኗቸውንም ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሳስሯቸው፤ ጫፉ ካቴና ውስጥ ከገባ ሰውየውን ጎትቶ ነው የሚጥለው። ቁልቁል ስትወርዱ ዳገቱን ልትወጡበት በነበረው ማርሽ ውረዱ። ፎሌ የሚባል ነገር ቁልቁል ላይ የለም።

ቤቱን ያገኘሁት ወሩ ሲያልቅ ነው። ጠባሴ አካባቢ፣ ከአስፋልት ሁለት ደቂቃ፣ መንገዱ ሜዳ፣ በሩ ሰፊ፣ ደፉ ዝቅ ያለ። ሞተሯ ከዝናብና ከዓይን ተከልላ የምታድርበት ጣሪያ አለ። ከመክፈሌ በፊት አከራዬን እማማን ቁጭ ብዬ አነጋገርኳቸው። ሞተር አለኝ፣ ጠዋት ይጮኻል፣ አንዳንዴ ዘይት ያንጠባጥባል አልኩ። ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ዘይቱ ሣሬ ላይ እንዳይደርስ፣ ጩኸቱ ከጸሎቴ በኋላ ይሁን» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካርቶን አነጥፍላታለሁ፤ ጠዋት ደግሞ ሳላስነሳ በእጄ ገፍቼ በር አውጥቼ፣ መንገድ ዳር ነው የማስነሳት። እባካችሁ ሞተር እንዳላችሁ ሳትናገሩ ቤት አትከራዩ። በኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ ከኪራዩ ይበልጣል።

ባለቤቴና ልጄ በዚያው ክረምት መጡ። ባለቤቴ ገና በሩን እንዳለፈች ያየችው ኩሽናውን አይደለም። ወደ ኋላ ተመልሳ ደፉን ረገጥ አድርጋ «ይቺስ ትወጣለች» አለች።

የመጀመሪያው ታህሳስ ላይ ሞተሯ ጠዋት እምቢ ማለት ጀመረች። ቾክ ስስብ፣ ስረግጥ፣ ስረግጥ፣ እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያገኙኛል። «ያንተ በቅሎ ዛሬም አልነቃችም?» ይሉኛል። አንድ ቀን ማታ ከሥራ ስገባ አሮጌ የመንዝ ባና ይዘው ጠበቁኝ። ጠርዙ የተበላ ነው፣ የሟች ባላቸው ነበር። እኔን አላናገሩኝም፤ በቀጥታ ሄደው ሞተሯ ላይ ጣሉት፣ ጎንና ጎኑን ሸጎጥ ሸጎጥ አደረጉት። በማግሥቱ በሁለተኛው ርግጫ ተነሳች።